ከባሌስትራ እስከ ማረሻ፦ የአሮጌ መኪና አካልና የሂሳችን ዕዳ

ማናቸውም የጥበብ ሥራ ከቁስ ይነሣል። ሸክላ ሠሪዋ ከጭቃ፣ ሸማኔው ከድርና ከማግ፣ ቀራጺው ከድንጋይና ከእንጨት ይነሣሉ። ጭቃውም ሆነ ድንጋዩ ወደ ባለ ሙያው እጅ የሚደርሰው ከተፈጥሮ ጓዳ በቀጥታ ወጥቶ ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ ሌላ ሰው አልሠራበትም፣ አልነገደበትም፣ አላዘነበትም። አሮጌ የመኪና አካል ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ኮፋኖው፣ ፓራፋንጎው፣ ስፖርቴሎውና ባሌስትራው አንድ ጊዜ ተሠርተው፣ አንድ ዕድሜ አገልግለው፣ የሰው ላብና የመንገድ አቧራ ጠጥተው ነው ለሁለተኛ ሥራ የሚቀርቡት። እንዲህ ባለው ቁስ ላይ መዶሻ የሚያነሣ ሰው፣ ቀጥቃጭም ይሁን ቀራጺ፣ ከባዶ አይጀምርም፤ የሌላውን ሰው ሥራ ወይ ይቀጥላል፣ ወይ ያቋርጣል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። አሮጌ የመኪና አካል ወደ አዲስ ነገር ሲለወጥ ለውጡ ተሳክቷል ወይም አልተሳካም የምንለው በምን መለኪያ ነው? በኤግዚቢሽን አዳራሽ ለሚቆም ሥራ መለኪያ አላጣንም፤ ስለ ይዘቱና ስለ ቅርጹ ብዙ እንጽፋለን፣ እንከራከራለን። በኩታበር መንገድ ዳር ለሚቀጠቀጠው ማረሻ ግን አንድም የሂስ ቃል አላዘጋጀንም። በእኔ አመለካከት ሁለቱ የአንድ ሙያ ቅርንጫፎች ናቸው፤ በአንድ ሚዛንም ሊመዘኑ ይገባቸዋል። ሂሳችን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሲያይ በመኖሩ፣ ያየውንም ቢሆን በቅጡ አላየውም።

የመንገዱ ብረት

ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በደጋው ላይ የምትገኝ የደቡብ ወሎ ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ የሚመነጨው በሺሎ መሬቱን እየሰነጠቀ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የዚህ አገር የብረት ታሪክ ከመኪና ይቀድማል። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለትና በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ የበሺሎን ሸለቆ ተሻግሮ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም መድፉ ከዚያው ከአምባው ላይ ቀረ። የሚሠራበት ማዕድን ሁሉ ውድ በነበረበት አገር እንዲያ ያለ ክምር ሳይቆራረጥ መኖሩ ለምን ይመስለናል? ክብደቱ አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ትዝታው ግን ከክብደቱ ይልቅ ጠብቆታል ብዬ አምናለሁ። ከሥራ የወጣ ብረት ወደ መታሰቢያነት ሊሸጋገር እንደሚችል ይህ ደጋ ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በወሎ ደጋ ግን የጭነት መኪና በብዛት የታየው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አስመራንና አዲስ አበባን በደሴ በኩል የሚያገናኘው መንገድ በተሠራ ጊዜ ነው። ሕዝቡ ‹ትሬንታ ኳትሮ› ያለው ፊያት 634፣ ከ1931 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የተመረተው፣ በዚያ ዘመን ገባ። ወራሪው ተሸንፎ ወጣ፤ ብረቱ ግን ቀረ። የቀረውንም ብረት ያሸነፈው ሕዝብ አስነሥቶ እህል፣ ጨውና መንገደኛ አጓጓዘበት። ኋላም ምርቱ በ1952 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የፊያት 682 ዝርያ፣ እኛ ‹ኤንትሬ› የምንለው፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱን አቀበት ሲወጣና ሲወርድ ኖረ።

ከብረቱ ጋር ስሙም ቀረ። ላሜራ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖርቴሎ፣ ፓራብሬዛ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፦ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። አንዳንዶቹን ሕዝቡ እንዳሉ አልተቀበላቸውም። ‹ፓራውርቲ› የነበረው ፓራውልት ሆነ፤ ‹ፖርታባጋልዪ› የነበረውም በረዳቶችና በጫኝ አውራጆች አፍ ተቀጥቅጦ ፖርቶመጋላ ሆኖ ወጣ። የቋንቋ ምሁራን ይህን የድምፅ ለውጥ ይሉት ይሆናል። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው፦ ቀጥቃጩ ብረቱን እንደ ሠራው፣ ተናጋሪውም ቃሉን ሠርቶታል። የወራሪው ቃል የሠራተኛው መሣሪያ ሆኗል።

የቀጥቃጩ ዕውቀት

አንድ አሮጌ መኪና ተፈታ እንበል። ላልሠለጠነ ዓይን ሁሉም ብረት ነው። ለቀጥቃጭ ግን ባሌስትራና ላሜራ የሁለት አገር ሰዎች ናቸው። የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ሲግልና ሲነከር ይጠነክራል፤ ስለት ይቀበላል፣ ቢታጠፍም ይመለሳል። የቦዲ ላሜራ ግን ካርቦኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ይበየዳል፣ ስለት ግን አያወጣም። ስለዚህ ባሌስትራው ወደ ማረሻ፣ ወደ ማጭድ፣ ወደ መጥረቢያና ወደ ቢላዋ ያመራል፤ ላሜራው ደግሞ ወደ ከሰል ማንደጃ፣ ወደ ባልዲ፣ ወደ ጎተራ ክዳንና ወደ በር። ቸርኬው ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ደወል ሆኗል፤ ጎማው ተቆርጦ በረባሶ ጫማ ሆኗል። ይህን ሁሉ ማንም መሐንዲስ በመጽሐፍ አላስተማረውም። ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠትና መዶሻ ይዞ፣ በትውልድ ቅብብል ደረሰበት እንጂ።

በኩታበር አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ቁራጭ ብረት ሲመርጡ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ከክምሩ አንዱን አንሥተው በመዶሻ መቱት፤ ጣሉት። ሌላውን መቱ፤ አሁንም ጣሉት። ሦስተኛው ሲጮህ ግን ፈገግ ብለው፦ «ስማውማ ልጄ፤ ደኅና ብረት ሲነኩት ይመልሳል፤ ጅሉ ዝም ይላል» አሉኝ። እሳት ውስጥ ይሰበር ይሆን ብዬ ብጠይቃቸው መልሳቸው አንዲት የወሎ ቃል ነበረች፦ «አብሽር።» ባሌስትራው ቀላ፣ ቀስትነቱ ተቃና፣ ጠበበና ቢላዋ ሆነ። ከሁሉ ይበልጥ ልብ ያልኩት ግን በብረቱ ላይ የነበረችውን ቀዳዳ ነው። ባሌስትራዎችን አንድ ላይ የሚይዘው ቡሎን የሚያልፍባት ቀዳዳ ናት። ሽማግሌው አልደፈኗትም፤ የእጀታው ችንካር በዚያችው እንዲያልፍ አደረጉ። ከቢላዋው እጀታ ሥር የመኪናው ቀዳዳ ሥራዋን ቀጠለች፤ ትናንት ብረትን ከብረት ታያይዝ ነበር፣ ዛሬ ብረትን ከእንጨት ታያይዛለች።

ይህ የቅርጽ ውሳኔ ነው። ‹ጥበብ› የሚለውን ቃል ለዚህ ካልሰጠን ለምን ልናስቀምጠው ነው?

እንዲህ ያለውን ዕውቀት የያዘው ሰው ግን በማኅበረሰባችን ዘንድ ሲናቅ ኖሯል። ቀጥቃጩን ‹ቡዳ› ያለው፣ ልጁን ለጋብቻ የከለከለው፣ ማረሻውን ገዝቶ ከማዕዱ ያራቀው ይኸው ማረሻውን የሚበላበት ኅብረተሰብ ነው። አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጅ ግን ስድብን ይከለክላል እንጂ አክብሮትን አይፈጥርም። አክብሮትን ከሚፈጥሩት ነገሮች አንዱ ሂስ ነው፤ ሥራውን ቀርቦ ማየት፣ ደኅናውን ከደካማው መለየት፣ የተለየበትንም ምክንያት መናገር።

ከመርካቶ ተራ እስከ ዓለም አዳራሽ

ከኩታበር የተነሣው ነገር በአዲስ አበባ መርካቶ በብዙ እጥፍ ይታያል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ የሰበሰበው ቁራጭ ብረት ወደ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ በዚያም በርሜሉ ምድጃ፣ ላሜራው መጥበሻ፣ የብረት ዘንጉ አካፋ ይሆናል። በሶማሌ ተራ ግን ሂደቱ የተለየ ነው። በዚያ የመኪና ክፍል ሌላ ነገር አይሆንም፤ ወደ ሌላ መኪና ይመለሳል። ለምሳሌ ‹ቮልስ› የምንላት መኪና የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከተመረተች በኋላ እንኳ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መሄዷን ቀጥላለች። ከአንዷ ፓራፋንጎ፣ ከሌላዋ ስፖርቴሎ እየተነሣ፣ ቦዲ ሠሪው በመዶሻና በስቱኮ እያስማማ ነው ያኖራት። ይህ የአዳሽ ጥበብ ነው፤ የራሱን እጅ ደብቆ የቀድሞውን ሠሪ እጅ የሚያሳይ ጥበብ። የተዋጣለት ቦዲ ሠሪ የሠራው ቦታ አይታወቅም።

በሌላው ዓለም ደግሞ የመኪና አካል ወደ ቅርጻ ቅርጽ ገብቷል። ፓብሎ ፒካሶ በ1951 እ.ኤ.አ. የሠራት ግልገሏን ያቀፈች ዝንጀሮ ፊቷ የተሠራው ከልጁ ሁለት የመጫወቻ መኪናዎች ነው። ተመልካቹ ዝንጀሮዋን ሲያይ መኪናው አይጠፋበትም፤ መኪናውን ሲያይም ዝንጀሮዋ አትሸሸውም። የሥራው ደስታ ያለው ከዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ጆን ቻምበርሌይን ደግሞ በ1957 እ.ኤ.አ. የ1929 ሞዴል ፎርድ ፓራፋንጎዎችን ወስዶ፣ በመኪና ሄዶባቸውና አጨማዶ፣ ‹ሾርትስቶፕ› የተባለውን ሥራ ሠራ። ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ ከመኪና ላሜራ ጋር ኖረ። ሥራውን ከመኪና አደጋ ጋር የሚያያይዙትን አልወደደም፤ እርሱን የሳበው የብረቱ እጥፋትና ቀለሙ ነበር። በእርሱ እጅ የላሜራው ቀለምና ጭምድድ ወደ ጨርቅ እጥፋት ይጠጋል። ይሁን እንጂ ከእርሱ ሥራ አንድ ነገር ይጎድለኛል፦ ያን ፓራፋንጎ በፋብሪካ የቀጠቀጠው ሠራተኛና በመንገድ የነዳው ሰው ከእጥፋቱ ውስጥ አይታዩኝም። ብረቱ ቀርቷል፤ ሥራው ተነኗል።

ከእኛው አገር በዚህ ረገድ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የተወለደው ይህ ባለ ሙያ ቁሱን ከመርካቶ ይገዛል፤ የሚሠራበትም በአመዛኙ የመኪና ላሜራ ሳይሆን የኮምፒዩተርና የስልክ ውስጠኛ ክፍል፣ ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ‹ታይትሮፕ› የተባሉት ተከታታይ ሥራዎቹ ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የተቃኘ እርሻ፣ ወንዝና ከተማ ይመስላሉ። ሲቀርቧቸው ግን ሽቦው የተጎነጎነ፣ ሰሌዳው አንድ በአንድ የተቸነከረ፣ የፋብሪካው ቁጥር ሳይቀር የሚነበብ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ርቀቶች አይቃረኑም፤ አንዱ ሌላውን ያብራራል። የጉንጉኑም ዘዴ ከእናቶቻችን የስፌት ሥራ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ሥራው ከወደቀ ቁስ የተሠራ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ የወደቀው ቁስ የቀድሞ ሕይወቱን ሳይክድ ወደ ሁለተኛው በመሻገሩ ሊመሰገን ይገባዋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚወጣው የመጀመሪያው መለኪያ ይህ ነው፦ በሁለተኛው ሕይወት ውስጥ አንደኛው ሕይወት ሊነበብ ይገባል። በኩታበሩ ቢላዋ የቡሎኑ ቀዳዳ ይነበባል። በዝንጀሮዋ ፊት የመጫወቻው መኪና ይነበባል። በአንጻሩ ከመኪና ክፍሎች የተበየደ አንበሳ ወይም ፈረስ ሠርተው፣ ሲጨርሱ ነሐስ እንዲመስል በወርቃማ ቀለም የሚያለብሱ ሠሪዎች አሉ። ይህ ምን ማለት ነው? የባሌስትራውን ጎድን፣ የማርሹን ጥርስ፣ የሰንሰለቱን ጅማት በጥበብ ካገናኙ በኋላ በቀለም መሸፈን፣ የቁሱን ትውልድ ማፈር ነው። ቀጥቃጩን በሙያው ያሳፈረው ያው የጥንቱ ንቀት በቀለም ቆርቆሮ ታሽጎ ተመልሷል።

ሁለተኛው መለኪያ አዲሱ ሥራ የራሱ አስፈላጊነት ያለው መሆኑ ነው። ማረሻው ማረስ አለበት። ደወሉ መሰማት አለበት። ቅርጹም ቢሆን ያለዚያ ብረት ልናየው የማንችለውን ነገር ሊያሳየን ይገባል። ‹ከውዳቂ የተሠራ› የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን ድካምን ይገልጻል እንጂ ውበትን አያረጋግጥም። እንዲህ ሲሆን ደካማ ማረሻ የሠራ ቀጥቃጭም ከሂስ አያመልጥም፤ ላሜራን ባሌስትራ ብሎ የሸጠ ሰው ገበሬውን ከእርሻው ያስተጓጉላልና።

ሦስተኛው የባለ ሙያው ስም ነው። በኤግዚቢሽን ካታሎግ ላይ የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስና ልኩ ይጻፋል። ብረቱን የፈታው፣ የለየው፣ አንዳንዴም የበየደው ሰው ስም ግን አይጻፍም። በቴአትር ቤት መብራት የሚያበራውና ልብስ የሚሰፋው ሳይቀር ስሙ በፕሮግራሙ ላይ ይወጣል፤ ያለ እርሱ ትርኢቱ አይቆምምና። ቀራጺዎቻችን ከቴአትሩ ይህን አንድ ልማድ ቢዋሱ ምን ይጎዳቸዋል?

የተቆረጠው ጽሑፍ

ለጸሐፊ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የመኪናው አካል ገጽ መሆኑ ነው። የጭነት መኪና ነጂዎቻችን በኮፋኖ ግንባር፣ በስፖርቴሎና በኋላ ሳንቃ ላይ ምርቃት፣ ጸሎት፣ ሽሙጥና የፍቅር ቃል ሲያስጽፉ ኖረዋል። ይህ መጽሐፍ ያልታተመለት፣ በአቧራ ውስጥ የሚነበብ ሥነ ቃል ነው። መኪናው ሲቆረጥ ጽሑፉም ይቆረጣል። በዚያው በኩታበር ከስፖርቴሎ ላሜራ የተሠራ አንድ የዶሮ ቤት በር ላይ ‹ካለ› የሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ቀርተው አይቻለሁ። ቀድሞ ‹እግዜር ካለ› ይሁን ‹አላህ ካለ› ቁራጩ አይናገርም። በወሎ ደግሞ ሁለቱም በአንድ መንገድ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይባላሉ። መቁረጫው ስሙን ወስዶ ተስፋውን አስቀርቷል። የትኛው ገጣሚ ነው ይህን ስንኝ አስቦ ሊደርስበት የሚችል?

ነገር ግን በእንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ መደሰት ብቻውን አይበቃም። ጠፍቶ የቀረው የጽሑፉ ግማሽ የእኛ ኪሣራ ነው። ማንም ሳይመዘግበው ሄዷል።

ሌላም ብረት አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ኩታበርን ደርሷል፤ ጦርነት ባለፈበት አገር ሁሉ የተቃጠለ ተሽከርካሪ መንገድ ዳር ይቀራል። የተቃጠለው ላሜራም አንድ ቀን ወደ ወናፉ ይሄዳል። ገበሬው ከእርሱ ማረሻ ቢያወጣ ማንም አይወቅሰውም፤ እንዲያውም ብረቱ ከዚህ የተሻለ ፍጻሜ የለውም። ቀራጺው ግን እንዲህ ያለውን ብረት በእርጅና ከሞተ ፊያት ጋር ቀላቅሎ ለቅርጽ ማማር ብቻ ሊጠቀምበት አይገባም። የማን እንደ ነበረ፣ በውስጡ ማን እንደ ነበረ መጠየቅ አለበት። አንደኛው ሕይወት ይነበብ ያልነው መለኪያ እዚህ ላይ ከውበት ጥያቄነት አልፎ የኅሊና ጥያቄ ይሆናል።

የሚቀርና የሚቀልጥ

ጉዳዩ ዛሬ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ክፍሉ ከክፍል እየተዋዋሰ ሊኖር ግድ ነው፤ የቦዲ ሠሪው ዕውቀትም ከቀድሞው ይልቅ ይፈለጋል። በሌላ ወገን ቁራጭ ብረትን አቅልጦ የግንባታ ብረት የሚያደርገው እቶን ትሬንታ ኳትሮንና የትናንቱን ቆርቆሮ አይለይም። የሚመዝነው በኪሎ ነው። በእቶኑ ማለፍ ክፉ ነገር አይደለም፤ ቤትና ድልድይ ይወጣዋል። ይሁን እንጂ እቶኑ ቀዳዳዋንም፣ ጽሑፉንም፣ የመዶሻውንም አሻራ አብሮ ያቀልጣል።

የነገሥታት አውቶሞቢል ጠባቂ አያጣም፤ በቤተ መንግሥት ይታጠባል፣ ይወለወላል፣ ለጎብኚ ይታያል። ይህ ተገቢ ነው። የወሎን ሕዝብ እህል የጫነው፣ ተማሪውን ወደ ደሴ ያደረሰው፣ በሽተኛውን ከመካነ ሰላም ያወረደው መኪና ግን አንድም ጠባቂ የለውም። እንዲጠበቅ የምጠይቀው ሁሉም አይደለም፤ ማረሻ የሚሻው ገበሬ ሳለ ባሌስትራን በመስተዋት ውስጥ ማስቀመጥ ቅንጦት ይሆናል። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ቀጥቃጩና ወደ ቦዲ ሠሪው ይውሰዱ፤ የክፍሎቹን ስም፣ የብረቱን አመራረጥና የሥራውን ሂደት ያስመዝግቡ። የፊዚክሱም፣ የታሪኩም፣ የቋንቋውም ትምህርት በአንድ ወናፍ ዙሪያ ይገኛል። ሁለተኛ፣ የባህል ጽሕፈት ቤቶች አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ከመቆረጡ በፊት ፎቶግራፉን ያንሡ፣ ጽሑፉን ይቅዱ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አንዱ ግንባር በወረዳው ተጠብቆ ይቆይ። ሦስተኛ፣ ሠዓሊዎችና ቀራጺዎች ወደ ምናለሽ ተራና ወደ ኩታበር ሲሄዱ ቁስ ሸማች ብቻ ሆነው አይሂዱ፤ አብሮ የሠራውን ሰው ስም ከራሳቸው ስም አጠገብ ይጻፉ።

እኛ ሐያስያንም ድርሻ አለን። በሚቀጥለው የቅርጻ ቅርጽ ኤግዚቢሽን ብዕራችንን ስናነሣ አንድ የኩታበር ቢላዋ ከጠረጴዛችን ላይ ይኑር። የምንተችበት ሥራ ከዚያ ቢላዋ ጎን ቆሞ ያፍር ወይስ አያፍር እንደሆነ እንጠይቅ።